የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ሰው ሥራ ማስያዝ፦ ከባሕር ዳር የተጻፈ መመሪያ

ወንድሜ ሥራ ይዟል። ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ላውንደሪ ውስጥ ፎጣ ያጥፋል። ዕድሜው 26 ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። ከማያውቀው ሰው ጋር ሲያወራ ድምፁ አይወጣም፤ ቁጥር ላይም ይቸገራል። ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ ዓመታቱን ያሳለፈው ቤት ተቀምጦ ነው። እኛም "መጀመሪያ ይሠልጥን፣ ከዚያ ሥራ ይገኝለታል" እንል ነበር። ሠለጠነ። ሳሙና መሥራት ሠለጠነ፣ ስጋጃ ሠለጠነ፣ ዶቃ መሰካት ሠለጠነ። ሰርተፊኬቶቹ ሳሎን ተሰቅለዋል። ሥራ ግን የለም።

የተሳሳትነው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ለእንደ ወንድሜ ያለ ሰው የሚከብደው መማሩ አይደለም። አንድ ቦታ የተማረውን ሌላ ቦታ ወስዶ መጠቀሙ ነው። ሥልጠና ላይ የሚታጠፍ ጨርቅና ሆቴል ውስጥ የሚጠብቀው ፎጣ ለእኔና ለእናንተ ያው ናቸው። ለእሱ ሌላና ሌላ ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ እውነተኛ የሥራ ቦታ ይፈለጋል። ከዚያ ከአጋዥ ጋር ይገባል። እዚያው፣ በዚያው ዕቃ፣ ከእነዚያው ባልደረቦች ጋር ይማራል። ሲለምድ አጋዡ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ሠራተኛው ይቀራል።

አሠራሩ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እነ ፖል ዌማን የሚባሉ ተመራማሪዎች ቨርጂኒያ ላይ የሞከሩት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ በአገሪቱ የአካል ጉዳተኞች መልሶ ማቋቋም ሕግ ውስጥ ገባ። በድጋፍ የታገዘ ቅጥር ልንለው እንችላለን። ይህን የሚሠራላችሁ ድርጅት አጠገባችሁ ካለ እሰየው። ከሌለም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ የለም። አንድ ታጋሽ ሰው፣ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የክረምት ዕረፍቴን ነው የሰጠሁት።

ደረጃ 1፦ ሰውየውን ማጥናት

"ምን ይችላል?" ብላችሁ አትጀምሩ። መልሱ ሁልጊዜ "ብዙም አይችልም" ነው፤ ቤተሰብ ደግሞ ከማንም በላይ ይህን መልስ ይወዳል። ይልቅ ሁለት ሳምንት ዝም ብላችሁ ተከታተሉት። ማንም ሳያዘው ምን ያደርጋል? የትኛው ቦታ ላይ ፊቱ ይፈታል? ምን ሲሆን ጆሮውን ይይዛል? ጠዋት ነው ከሰዓት የሚነቃው?

እኔ የወንድሜን ነገር ያየሁት ለቅሶ ቤት ነው። ሰው ሲበተን የእድሩን ወንበሮች ይደረድራል። ማንም አላዘዘውም። አረንጓዴውን ከአረንጓዴ፣ ነጩን ከነጭ። እግሩ የተሰበረውን ለብቻው ያቆማል። ዓመታት ሲያደርገው አይቻለሁ፤ ግን "ልጁ ደግ ነው" ከማለት በቀር ምንም አላልኩም። ደብተር ይዤ ሳየው ግን ሌላ ነገር ታየኝ፦ ይለያል፣ ይደረድራል፣ የተበላሸ ያወጣል፣ ሳይጨርስ አይነሣም። ይኼ ሰው የሚከፈልበት ሥራ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም ይሁን መስጊድ፣ ቡና ላይም ይሁን ሱቅ ሲላክ፣ ያያችሁትን ጻፉ። "ጎበዝ ነው" አይደለም የሚጻፈው። "40 ወንበር በግማሽ ሰዓት ደረደረ፣ አንዴም አልተቆጣም" ነው።

ከዚያ ሦስት ቦታ ለየአንድ ቀን አስሞክሩት። ከዘመድም ከጎረቤትም ቦታ ለምኑ። ወንድሜ መጀመሪያ ጁስ ቤት ገባ። ማንጎ ማጠቡን ወደደው፤ መፍጫው ሲጮህ ግን እጁ ጆሮው ላይ ቀረ። ሁለተኛው ችግኝ ጣቢያ ነበር። አረም ንቀል ተባለ፤ አረሙንም ችግኙንም አንድ ላይ አጸዳላቸው። የችግኝ ጣቢያው ሰውዬ እስከ ዛሬ ሲያየኝ ይስቃል። ሦስተኛው አንድ ላውንደሪ ነው። ማታ "ነገም እንሂድ" ያለኝ እዚያ ብቻ ነው። ትልቅ ሰው ነውና ምርጫው የእሱ ነው። መናገር የማይችል ከሆነም ፊቱ፣ እግሩ፣ የጠዋት አነሣሡ ይናገራል።

አንድ የጤና ነገር። የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ሰዎች ቀላል የማይባሉት የሚጥል በሽታም አለባቸው። በሽታው በመድኃኒት ካልተያዘ ካውያ፣ የፈላ ዘይት፣ ጀልባና የሐይቅ ዳር ሥራ አይሆንም። ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ክትትል ካለው፣ ስለ ሥራው ሰዓትና ስለ መድኃኒቱ ሰዓት ሐኪሙን አስቀድማችሁ አማክሩ።

ደረጃ 2፦ ወረቀት

አሰልቺ ነው፤ ግን ቀጣሪው "እሺ" ባለ ማግስት እንዳያደናቅፋችሁ ቶሎ ጨርሱት። የቀበሌ መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ በራሱ ስም የባንክ ሒሳብ። ለፋይዳ ስትሄዱ ወረፋው በማይበዛበት ሰዓት ሂዱ። የጣት አሻራውንና ካሜራውን ቤት በጨዋታ አለማምዱት። እኛ ሳናለማምድ ሄደን ሁለት ቀን ተመላልሰናል።

ተያዥ ሊጠየቅ ይችላል። ገንዘብና ንብረት የማይረከብበት ሥራ ከሆነ ተያዡ እንዲቀር ጠይቁ። እምቢ ካሉ ከዘመድ አንድ ሰው አዘጋጁ።

ደረጃ 3፦ ቀጣሪውን ማነጋገር

ባሕር ዳር ሥራ ያላት ከተማ ናት፤ ማየት ብቻ ነው። ሆቴል፣ የሐይቅ ዳር መዝናኛ፣ ዳቦ ቤት፣ እንጀራ መጋገሪያ፣ ላቫጆ፣ ሱፐርማርኬት፣ ዶሮ እርባታ፣ ችግኝ ጣቢያ። ዘጌ ዘመድ ካላችሁ ቡና መልቀምም አለ። እነዚህ ውስጥ ሁሉ ሰው የሚሰለቸው፣ ግን ካልተሠራ ቤቱ የሚቆምበት ሥራ ይኖራል። የምትፈልጉት እሱን ነው።

ስለዚህ ስትገቡ ስለ ወንድማችሁ አታውሩ። ስለ እነሱ ሥራ ጠይቁ። "ጠዋት ምን ይዘገይባችኋል? ሠርግ ሲኖር የቱ ጋ ነው የምትጨናነቁት?" የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ሳይውል ሳያድር ነው የመለሰልኝ፦ እንግዳ እስከ 5 ሰዓት ይወጣል፣ ክፍል ጽዳቶቹ ፎጣ ይጠብቃሉ፣ ፎጣው ታጥቦ ደርቋል፣ የሚያጥፈው የለም። አጣቢዎቹ ማሽኑን ትተው ሊያጥፉ ይመጣሉ፤ ማሽኑ ይቆማል። እኔም "አራት ሰዓት ሙሉ ከማጠፍ ሌላ ምንም የማይሠራ ሰው ባመጣላችሁስ?" አልኩ። ስለ ወንድሜ የተናገርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ጊዜም ምረጡ። በጥር ወይም ከፋሲካ ማግስት፣ ሠርግ በሠርግ ላይ ሲደራረብ፣ ማንም አይሰማችሁም። ሰኔ ላይ ሆቴሉ ቀዝቀዝ ይላል። ለማነጋገርም ለመማርም ጥሩ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ብዙ ቀጣሪ ደግ ነው፤ ደግነቱ ነው ችግሩ። መጀመሪያ የሄድኩበት ሌላ ሆቴል ባለቤቱ "ምስኪን፣ ይምጣ፣ ለኪሱ እንሰጠዋለን፣ ለእኔም ጽድቅ ነው" አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። በጽድቅ የገባ በጽድቅ ነው የሚወጣው፤ የባለቤቱ ሆድ ሲሻክር፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ፣ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። ደግሞ ለኪስ የሚሰጥ ገንዘብ ደመወዝ አይደለም። ለግል ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ አገራችን የለምና መለኪያችሁ ጎን ያለው ሠራተኛ ነው። እዚያ ቤት አንድ አጣፊ በሰዓት ሲሰላ ስንት ያገኛል? ወንድማችሁም ያንኑ።

ሕጉን እወቁት፤ ግን መጀመሪያ አትምዘዙት። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል። ቀጣሪው የሥራ ቦታውን እንዲያመቻች፣ ሲያስፈልግም ረዳት እንዲመድብ ያስገድዳል። ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም (አዋጅ 676/2002) አንቀጽ 27 ላይ ስለ ሥራ ይናገራል። እኔ አዋጁን አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። "አጋዡ እኔ ነኝ፣ እናንተን የሚያስወጣችሁ ወጪ የለም፣ ከአሥር ሳምንት በኋላ አታዩኝም" ማለቱ በለጠ።

አሥር ሳምንት ያልኩት እንዲሁ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በሳምንት 6 ቀን ከተሠራ አሥር ሳምንት ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቀጣሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል፤ እናንተም ሥራውን አስተምራችሁ መውጣት ያለባችሁ በዚያው ጊዜ ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የሥራው ዓይነት፣ ሰዓቱና ደመወዙ ይግባበት። ጡረታም አትርሱ፤ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከቀጣሪው 11 በመቶ። በግማሽ ቀን መጀመር ነውር የለውም። እኛ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ነው የጀመርነው።

ደረጃ 4፦ ሥራውን ራሳችሁ ሥሩት

ይህን አትዝለሉት። እሱ ከመግባቱ በፊት ሁለት ቀን ገብቼ ፎጣ አጠፍኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ግን የማይነገሩትን ነገሮች ያየሁት ያኔ ነው። ሻይ ሰዓት ማን ጎን እንደሚቀመጥ። ቁልፉ ማን ጋ እንደሚሆን። ሥራ አስኪያጁ ሲገባ ሁሉም ሰው ሬዲዮ እንደሚቀንስ።

የላውንደሪዋን ኃላፊ እትዬ ነው የምላቸው። ከሁሉም ቆየት ያሉት እሳቸው ናቸው። ክረምት ስለነበር ፎጣ ደረቀ ሲባል አይደርቅም፤ ያልደረቀ ከታጠፈ ይሸታል። "እትዬ፣ መድረቁን በምን ያውቃሉ?" አልኳቸው። "ይታወቃላ!" አሉኝ። ሌላ መልስ የለም። ዝም ብዬ እጃቸውን ሳይ ዋልኩ። ፎጣውን ሲያነሡ፣ ሳያውቁት፣ ጉንጫቸው ላይ ያስነኩታል። ቀዝቀዝ ካለ ይመልሱታል። ስነግራቸው ራሳቸውም ገረማቸው። ለወንድሜ ያስተማርኩት እሱን ነው።

ደረጃ 5፦ ሥራውን መሸንሸን

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና በብስክሌት ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማርክ ጎልድ የሚባል አሜሪካዊ፣ ከባድ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ሰዎች 15 ክፍል ያለው የብስክሌት ፍሬን መገጣጠም አስተማረ። ያኔ "ምንም አይማሩም" የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ያደረገው ሥራውን በትንንሹ መሸንሸንና ብዙ አለማውራት ነው። ካልተማረ ጥፋቱ የአስተማሪው ነው ይል ነበር፤ ሌላ መንገድ ይፈለግ። ሰፈራችሁ ያለውን ብስክሌት ጠጋኝ አስቡት። እሱም ሲያሠለጥን አያብራራም፤ "እየኝ" ነው የሚለው።

የእኛ ፎጣ 12 ሽንሽን ወጣው። 1፣ ከዘንቢሉ አንድ ፎጣ አንሣ። 2፣ ጉንጭህ ላይ አስነካው። 3፣ ከቀዘቀዘ ሰማያዊው ዘንቢል ውስጥ። 4፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርጋ፣ የሆቴሉ ምልክት ወደ ታች። 5፣ በመዳፍህ ዳብሰው። 6፣ ግራውን እስከ ፕላስተሩ እጠፍ (ጠረጴዛው መሃል ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፌ ነበር)። 7፣ ቀኙንም እንደዚያው። 8፣ ከታች ወደ ላይ። 9፣ አንዴ ድገመው። 10፣ ምልክቱ ከላይ መታየቱን እይ። 11፣ ክምሩ ላይ አስቀምጥ። 12፣ አንድ ቆርኪ ከግራው ሳህን ወደ ቀኙ።

ቆርኪው ምንድን ነው? ፎጣ በአሥር በአሥር ነው የሚወጣው፤ ወንድሜ ደግሞ ሲያጥፍ ቁጥሩ ይጠፋበታል። ግራው ሳህን ላይ አሥር የለስላሳ ቆርኪ አደረግን። ሲያልቅ ክምሩ ሞልቷል፤ ወደ መደርደሪያው። ወጪው ዜሮ ነው። ሳምንት ሳይሞላ አጣቢዎቹም በቆርኪ መቁጠር ጀመሩ፤ እነሱም ወሬ ላይ ሲሆኑ ቁጥሩ ይጠፋቸዋል።

ሽንሽኑን ከእናንተ ጭንቅላት አታውጡ። ሥራውን የሚችል ሰው ሲሠራ እያያችሁ ጻፉ። ከዚያ ለሌላ ሰው አንብቡለት፤ እሱ በዚያ ብቻ መሥራት ካልቻለ ገና ነው።

ደረጃ 6፦ ማስተማር

መጀመሪያ ሙሉውን ሦስት ጊዜ አሳዩት፤ ዝም ብላችሁ። ከዚያ እሱ ይሞክር። ሲቆም ወዲያው አትናገሩ። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ካልቀጠለ በጣት አመልክቱ። ካልሆነ አንድ ቃል፦ "ጉንጭ።" ካልሆነ እናንተ ሠርታችሁ አሳዩ። እጁን መያዝ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም አስፈቅዳችሁ።

የእኔ በሽታ መናገር ነው፤ አስተማሪ ነኝ አልኳችሁ። መጀመሪያው ሳምንት "አዎ፣ ጎሽ፣ አሁን ደግሞ፣ ቀስ፣ እንደሱ" ስል ዋልኩ። ወንድሜ ፎጣውን ትቶ አፌን ነው የሚያየው። ሰባተኛውን ሽንሽን እኔ ሳልናገር አያልፍም። እትዬ ናቸው "አንቺ ልጅ፣ እስኪ ዝም በይው" ያሉኝ። አፌን ስዘጋ እጁ ሄደ።

በየቀኑ በደብተር ያዙ። በየሽንሽኑ ፊት አንድ ፊደል፦ ብቻውን ከሠራ "ብ"፣ በምልክት "ም"፣ በቃል "ቃ"፣ በእጅ "እ"። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። የእኛ ላይ ከ6 በቀር ሁሉም "ብ" ሆነ። ስናየው ችግሩ የወንድሜ አልነበረም። ጠረጴዛው ሲታጠብ ፕላስተሩ ተላጥቷል።

ደረጃ 7፦ መንገድ

ቤታችን ፔዳ አካባቢ ነው፣ ሆቴሉ ወደ ጊዮርጊስ። በባጃጅ አጭር መንገድ ነው። አንድ ሳምንት አብሬው ሄድኩ፣ አንድ ሳምንት ከኋላው በሌላ ባጃጅ ተከተልኩ። ደህና ነው ብዬ ለቀቅኩት። በሦስተኛው ቀን 7 ሰዓት ተኩል ሆኖ አልመጣም። ለካ አባይ ማዶ የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ገብቷል። እሱ ስህተት አይደለም፤ የገባበት ባጃጅ በፔዳ ነው የሚያልፈው። ችግሩ "ወራጅ አለ" ማለቱ ላይ ነው። ብሏል። በለሆሳስ ነው ያለው። ባጃጁ ሙዚቃ ከፍቷል። ፔዳ አለፈ፣ ድልድዩን ተሻገረ። አባይ ማዶ ላይ ሁሉም ወርዶ እሱ ሲቀር ሹፌሩ የደረት ኪሱ ላይ ያለውን ካርድ አይቶ ደወለልኝ።

ለካ "ወራጅ አለ"ም ሽንሽን አለው። ምልክቱን ማየት (እኛ የዩኒቨርሲቲውን በር መረጥን)፣ የሹፌሩን ትከሻ መታ ማድረግ፣ ከዚያ መናገር። ትከሻ መታ ማድረጉ ድምፅን ይተካል። ግቢያችን ቆሞ በነበረ ባጃጅ ውስጥ ሃያ ጊዜ ተለማመድን፤ ሹፌሩ ጎረቤታችን ነው፣ ሃያ ጊዜ "እሺ፣ ይወረዳል!" አለ። ካርዱ ላይ ሁለት ስልክ ቁጥር ይኑር። ባጃጅ በጊዜ የሚቆምበት ወይም መንገድ የሚዘጋበት ቀን ስላለም የእግር መንገዱን አስተምሩት። ዘንባባዎቹን ተከትሎ ይምጣ።

ደረጃ 8፦ መውጣት

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። የማይወጣ አጋዥ ሁለተኛ እናት ነው። መውጫችሁን ከመግባታችሁ በፊት ቀን ቆርጣችሁ ጻፉት። እኔ ሦስት ሳምንት ጎኑ ነበርኩ። አራተኛው ላይ የጠረጴዛው ጫፍ፣ አምስተኛው ላይ በሩ ጋ፣ ስድስተኛው ላይ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር። ሰባተኛው ላይ ግማሽ ሰዓት ብቻ። ስምንተኛው ላይ መግቢያና መውጫ ሰዓት። ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን። አንድ እርምጃ የምርቀው ደብተሩ ላይ ሦስት ቀን ተከታታይ "ብ" ሲኖር ነው፤ ስሜቴን አይቼ አይደለም። ስሜቴማ እስከ ዛሬ በሩ ጋ ነው።

እናንተ ስትወጡ ቦታውን የሚሞላው ባልደረባ ነው። ይህም ራሱ አይመጣም። መጀመሪያ ሰሞን ሻይ ሲመጣ ሰዎቹ እኔን ነበር የሚጠይቁኝ፦ "ስኳር ይበዛለት?" እኔም መለስኩ። በሦስተኛው ቀን ነው ያወቅኩት፤ እኔ ስመልስ እሱ ሰው አይሆንም። ከዚያ ወዲህ "እሱን ጠይቁት" ብዬ ዞር ማለት ጀመርኩ። ዝምታው ረዘመ። አንዷ አጣቢ ጠበቀችው። "ሁለት" አለ። ስኳር ማለቱ ነው።

የቡና ማዋጫም አለ። ሠራተኞቹ በወር ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። "እሱ ይቅርበት" ሲሉ እምቢ አልኩ። ያዋጣል፣ ተራው ሲደርስም ቆሎ ይዞ ይሄዳል። ማንን ልጠይቅ፣ ማን ይመልከተው የሚለው ሁሉ መልስ ያገኘው እዚያ ቡና ላይ ነው። ባልደረቦቹን እንዴት እንደሚያግዙ አጭር ነገር ንገሯቸው፦ አንድ ጊዜ አንድ ነገር እዘዙት፣ ጠብቁት፣ ሲሳሳት አትሳቁ፣ ሲሠራ እንደማንም ሰው አመስግኑት። የአእምሮውን ነገር መተንተን አያስፈልግም፤ እሱ ካልፈለገ መናገርም የለባችሁም።

ሌላ አጋዥ ካስፈለጋችሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ክፍል አለው። ልምምድ የሚፈልግ ተማሪ እንዳለ ጠይቁ። ክፍት የሥራ ቦታም ሆነ የውል ጥያቄ ካለ ደግሞ የከተማውን ሥራና ስልጠና መምሪያ አንኳኩ።

ደረጃ 9፦ ከዚያ በኋላ

ነገር የሚበላሸው ለውጥ ሲመጣ ነው። እኛን መጀመሪያ ያስደነገጠን መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ቆመ፣ ፎጣ አለቀ። ወንድሜ "አለቀ" ብሎ በ4 ሰዓት ቤት መጣ። እንደ እሱ ትክክል ነው። አሁን ግድግዳው ላይ አንድ ሥዕል አለ፦ የጠፋ አምፖል፣ ቀጥሎ የልብስ መስቀያ። መብራት ከጠፋ መስቀያ ይለያል።

ሁለተኛው ጥር ላይ መጣ። ሠርግ በዛ፣ ፎጣው ቀርቶ የጠረጴዛ ጨርቅ እጠፍ ተባለ። ጨርቁ ሌላ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እትዬ ደወሉልኝ። ሁለት ቀን ሄጄ አዲስ ሽንሽን አወጣን፤ ሌላኛውን ጫፍ የምትይዘው ያቺ ስኳር የጠየቀችው አጣቢ ናት።

ደመወዙን በየወሩ እዩት። ሰዓቱ ጨምሮ ብሩ ካልጨመረ በትህትና ጠይቁ፤ ውሉን ይዛችሁ። ሲያሾፉበት፣ ገንዘብ ሲበደሩት ወይም ሲነካኩት መናገር ያለበት ለማን እንደሆነ አስቀድማችሁ አስተምሩት። ጥያቄያችሁ ቀጥታ ይሁን፦ "ዛሬ የተቆጣህ አለ? ገንዘብ የጠየቀህ አለ?" "እንዴት ዋልክ?" ካላችሁትማ መልሱ ምንጊዜም "ደህና" ነው።

ብሩ የእሱ ነው። የመጀመሪያውን ደመወዝ ሲያወጣ እማዬ ልትይዝለት ፈለገች፤ ለክፉ ቀን ብላ። ተጨቃጨቅን። ግማሹ ባንክ ቀረ፤ በቀረው ቅዳሜ ገበያ ሄዶ ለራሱ ጫማ፣ ለእሷ ደግሞ ፎጣ ገዛ። ፎጣውን ራሱ አጥፎ ነው የሰጣት፤ ዙሪያውን ሲያየው ቆየና "እታለም፣ ምልክት የለውም" አለኝ።

በሦስት ወር አንዴ ብቅ በሉ፤ ሻይ ለመጠጣት ያህል። አዲስ ኃላፊ ወይም አዲስ ማሽን ከመጣ ግን ሦስት ወሩን አትጠብቁ። ደብተሩን ይዛችሁ በዚያው ሳምንት ሂዱ።